የሚሽከረከረው ማጠንጠኛ፦ ለማዕበል ዳር የሚሆን ሪል አመራረጥ

በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ፣ ከዋናው የብስ ተነጥሎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በተዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ደሴት ላይ ኬፕ ሃተራስ ይገኛል። ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ ከደቡብ ከሚመጣው ከገልፍ ስትሪም ሙቅ ጅረት ጋር የሚገናኘው ከዚህ ጠረፍ ፊት ለፊት ነው። በኦክቶበርና በኖቬምበር ነፋሱ ሲበረታና ባሕሩ ሲደፈርስ፣ ሬድ ድረም የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ሙሌትና መንሃደን የተባሉትን ትንንሽ ዓሦች እያሳደዱ ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። ይጠጋሉ ሲባል እግር ሥር ይደርሳሉ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያድኑት ማዕበሉ መጀመሪያ ከሚሰበርበት የአሸዋ ጉብታ ባሻገር ነው። አጥማጁ እዚያ ለማድረስ 8 አውንስ፣ ማለትም 227 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስ ያስራል፤ መንጠቆው ላይ የተቆረጠ ሙሌት ወይም የመንሃደን ራስ ይሰካል፤ ከዚያም ከ3.6 እስከ 4 ሜትር በሚረዝም ዘንግ ነፋሱን ሰንጥቆ ይወረውራል። በዓለም ትልቁ ተብሎ የተመዘገበው ሬድ ድረም የተያዘው በዚሁ ደሴት፣ አቮን በምትባለው መንደር፣ በ1984 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ክብደቱ 94 ፓውንድ ከ2 አውንስ፣ ወደ 42.7 ኪሎ ግራም ነበር።

ይህን ቦታ ያነሣሁት ሪል፣ ማለትም የማጥመጃውን ክር የሚለቅቀውና የሚሰበስበው መሣሪያ፣ የሚመረጠው ለሥራ ስለሆነ፣ ሥራውም ከዚህ የበለጠ ጎልቶ የሚታይበት ዳርቻ ስለማላውቅ ነው። ከባድ እርሳስ፣ ተቃራኒ ነፋስ፣ ጨው፣ አሸዋ፣ ጨለማና ብርቱ ዓሣ በአንድ ሌሊት ይፈራረቁበታል። እዚህ ያገለገለ ሪል በዴላዌርም፣ በቨርጂኒያ ቢችም፣ በኬፕ ኮድም አያሳፍርም።

ለዳርቻ ማጥመድ የሚያገለግሉት ሪሎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ስፒኒንግ የሚባለው ነው፤ ከዘንጉ በታች ይንጠለጠላል፣ ሲወረወር ክሩ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ አይንቀሳቀስም፣ ክሩ በማጠንጠኛው ከንፈር ላይ እየተፈታ ይወጣል። ሁለተኛው ቤይትካስቲንግ ነው፤ ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፣ ክሩ ሲወጣ ማጠንጠኛው ራሱ አብሮ ይሽከረከራል። ለባሕር የሚሆኑትን ትልልቆቹን አሜሪካኖች ኮንቬንሽናል፣ እንግሊዞች ደግሞ መልቲፕላየር ይሏቸዋል፤ የአሠራራቸው መሠረት ግን አንድ ነው።

በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ ወደ ባሕር ዳር ከሚወጡት ሰዎች ለብዙዎቹ ስፒኒንግ ይበቃቸዋል። የሚወረውሩት ከ4 አውንስ፣ ማለትም ከ113 ግራም ገደማ በታች ከሆነ፣ ወይም ለስትራይፕድ ባስና ለብሉፊሽ ሰው ሠራሽ ማባበያ ደጋግመው እየወረወሩ የሚስቡ ከሆነ፣ ቤይትካስቲንግ ከሚሰጣቸው ጥቅም የሚያመጣባቸው ጣጣ ይበልጣል። ቀላል ነገር የማጠንጠኛውን ክብደት አስነሥቶ ለማሽከርከር አቅም ያንሰዋል። ክብደቱ ሲጨምር ሚዛኑ ይገለበጣል። ስፒኒንግ ሲወረወር ክሩን የሚይዘው ሌባ ጣት ስለሆነ 227 ግራም እርሳስና ማባበያ በሙሉ ኃይል ሲወነጨፍ ጣትን ይቆርጣል። ዓሣ ሲሳብም የስፒኒንግ ክር በትንሽ ተሽከርካሪ ላይ ታጥፎ ነው ወደ ማጠንጠኛው የሚገባው። በቤይትካስቲንግ ግን ክሩ ሳይታጠፍ በቀጥታ ይጠቀለላል፤ ስለዚህ ከባድ ነገር ከጥልቅ ለመጎተት አቅም አለው፤ ወፍራም ክርም አያስቸግረውም። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ከባዱን እርሳስ ለመረጠ ሰው ነው።

ለእንደዚህ ያለው ሰው ሻጩም ማስታወቂያውም የሚያወሩለት ስለ ርቀት ነው። ርቀት ግን የሚመጣው ከዘንጉ፣ ይበልጡንም ከወርዋሪው አቋምና ልምድ ነው። ከሪሉ የሚጠበቀው ማጠንጠኛው በነፃነት እንዲሽከረከር መፍቀድ፣ ከዚያም በትክክለኛው ቅጽበት መግታት ነው። መልቀቁን ዛሬ ርካሹም ሪል ያውቅበታል። ገንዘብ የሚያወጣው መግታቱ ነው፤ ስለዚህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ፍሬኑን ነው እላለሁ።

ይህ ሪል ከሰዓት ሠሪዎች እጅ የወጣ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኬንታኪ ግዛት፣ ፓሪስ በምትባል ከተማ ይኖር የነበረው ሰዓት ሠሪ ጆርጅ ስናይደር፣ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ማጠንጠኛውን ብዙ ጊዜ የሚያዞር ባለጥርስ ሪል ሠራ። በስዊድን፣ ስቬንግስታ ውስጥ ካርል አውጉስት ቦርግስትረም በ1921 ያቋቋመው ፋብሪካም መነሻው የሰዓት ሥራ ነበር፤ የታክሲ ሒሳብ መቁጠሪያ ሲሠራ ቆይቶ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያንን ገበያ ሲዘጋበት ወደ ሪል ዞረ። አቡ የሚባለው ድርጅት ይህ ነው። በ1952 ያወጣው አምባሳደር 5000 ዝናው ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ ከፍ ያለው 6500 ደግሞ የእንግሊዝ ዳርቻ ወርዋሪዎች መለያ ሆነ። በአሜሪካ በኩል ከጀርመን የመጣው ኦቶ ሄንዝ በ1932 ፊላደልፊያ ላይ ፔንን መሠረተ፤ ስኩዊደር የተባለው የፔን ሪል ለብዙ አሥርት ዓመታት በምሥራቅ ጠረፍ አሸዋ ላይ የማይጠፋ ዕቃ ነበር። የሰዓት ሠሪ ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

ጥሩ ወርዋሪ እርሳሱን በሰከንድ 50 ሜትር ፍጥነት ለቀቀው እንበል። ክር የሞላበት ማጠንጠኛ ዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ዙር የሚያወጣው ክር 15.7 ሴንቲ ሜትር ነው። 50 ሜትር ክር በሰከንድ ለመስጠት ማጠንጠኛው በሰከንድ 318 ጊዜ፣ በደቂቃ ወደ 19,000 ጊዜ መዞር አለበት። እዚህ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው ከቆመበት ተነሥቶ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ትንሽ የተጣመመ ማጠንጠኛ ወይም ያልተስተካከለ ኩሽኔታ እዚህ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ ድምፁም ይጮኻል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እርሳሱ ከዘንጉ ከተለየበት ቅጽበት ጀምሮ አየሩ እየተቃወመው ፍጥነቱ ይቀንሳል። ማጠንጠኛው ግን ይህን አያውቅም፤ አንዴ የያዘውን ፍጥነት ይዞ መዞሩን ይቀጥላል። እርሳሱ ከሚፈልገው በላይ ክር ይለቀቃል፤ ትርፉ ክር መሄጃ ሲያጣ በማጠንጠኛው ላይ ይነፋል፤ የተነፋው ክር በሚወጣው ክር ይጠለፋል። በአንድ ዓይን ጥቅሻ ውስጥ ሪሉ ላይ የሚቀረው ውሉ የጠፋ ልቃቂት ነው። ሲብስ ክሩ ይበጠስና 227 ግራም እርሳስ ወዳልታሰበበት ይበርራል። ይህ የሚያጋጥመው በተለይ በሦስት ጊዜ ነው፤ ወርዋሪው በአንዴ ሲመነጭቅና ማጠንጠኛው ከእርሳሱ ቀድሞ ሲነሣ፣ እርሳሱ በመንገዱ አጋማሽ ከነፋስ ጋር ሲጋጭ፣ በመጨረሻም እርሳሱ ውሃ ሲነካና ማጠንጠኛው ሳይቆም ሲቀር። ጥሩ ፍሬን ሦስቱንም ያግዛል፤ ሦስቱን በእኩል የሚያግዝ ግን የለም።

የመጀመሪያው ዓይነት ፍሬን በመዞር ኃይል የሚሠራው ሴንትሪፊዩጋል ነው። በማጠንጠኛው ጎን ትንንሽ ተንሸራታች ፍሬዎች አሉ፤ ማጠንጠኛው ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይወረወሩና ከቀለበት ጋር ይፋተጋሉ። የሚጫኑበት ኃይል ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ውርወራው በሚፈነዳበት በመጀመሪያው ቅጽበት በጣም ጠንካራ ነው፤ ማጠንጠኛው እየዘገየ ሲመጣ ግን ከሞላ ጎደል ይጠፋል። እርሳሱ በጸጥታ እንዲጓዝና ርቀት እንዲያገኝ ይህ መልካም ነው። በነፋስ ቀን ግን ፍሬን ይበልጥ በሚፈለግበት የመንገዱ ሁለተኛ ግማሽ ላይ አይገኝም። ለማስተካከልም በብዙዎቹ ሪሎች ጎኑን ከፍቶ ፍሬዎቹን መቀየር ያስፈልጋል፤ በጨለማ፣ አሸዋ በተሞላ እጅ፣ ይህን የሚሞክር የለም።

ሁለተኛው የማግኔት ፍሬን ነው፤ እኔ ለማዕበል ዳር የምመክረውም ይህንን ነው። አልሙኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ኤሌክትሪክ ግን ያስተላልፋል። የአልሙኒየም ማጠንጠኛ በማግኔቶች ፊት ሲሽከረከር በውስጡ የሚዞር የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ያ ጅረት ደግሞ የራሱን የማግኔት መስክ ይፈጥርና መዞሩን ይቃወማል። ምንም ነገር ምንም ነገርን ሳይነካ ፍሬን ይያዛል ማለት ነው። የሚያልቅ ሸራ የለውም፤ እርጥበት ገብቶ ጠባዩን አይለውጠውም። ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ስለሚያድግ ማጠንጠኛው እየዘገየ ሲሄድ ከሴንትሪፊዩጋሉ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፤ እርሳሱ ነፋስ በሚገጥመው ጊዜም ገና በሥራ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ማግኔቶቹን ወደ ማጠንጠኛው ማስጠጋትና ማራቅ የሚቻለው በውጭ ባለ መዘውር ወይም ተንሸራታች ቁልፍ ነው። ነፋሱ ሲዞር ቁልፉን ትንሽ መግፋት ነው፤ አለቀ። ቁልፉ በውጭ መሆኑን ሳያረጋግጡ ማግኔት አለው ስለተባለ ብቻ አይግዙ፤ አንዳንዱ የማግኔት ፍሬን የሚስተካከለው ሪሉ ሲከፈት ብቻ ነው።

ሦስተኛ ፍሬን አለ፤ ከአምራቾቹ መግለጫ ይልቅ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚያወሩለት። እሱም በኩሽኔታው ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ቀጭን ዘይት ማጠንጠኛውን ይለቅቀዋል፤ ወፈር ያለ ዘይት ያረጋጋዋል። ቅዝቃዜ ዘይትን ስለሚያወፍር በሴፕቴምበር የሚያስፈራ ሪል በዲሴምበር ጨዋ ሊሆን ይችላል። ወደ ጎን ያለችው ትንሽ ማጥበቂያ ግን፣ ማጠንጠኛውን በሚዞርበት ዘንግ ጫፍና ጫፍ የምትጫነዋ፣ ፍሬን አይደለችም። ብዙ መመሪያዎች እርሳሱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርገው እንዲያጠብቋት ይነግራሉ። ለቀላል ማባበያ ይሠራ ይሆናል፤ በ227 ግራም ግን ማጠንጠኛውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታፍናለች እንጂ መግታት በሚገባው ጊዜ አትገታም። ማጠንጠኛው ወደ ግራና ቀኝ ሲገፋ የምትሰማ ትንሽ ክፍተት እንድትቀር አድርጎ መተው ይሻላል።

ከሁሉም ፍሬን የሚበልጠው አውራ ጣት ነው። በውርወራው ጊዜ ማጠንጠኛውን አጥብቆ የሚይዘው፣ በሚለቀቅበት ቅጽበት የሚለቀው፣ እርሳሱ ውሃ ሲነካ የሚያቆመው እሱ ነው። ስለዚህ ሪሉን ሲመርጡ አውራ ጣትዎ በተፈጥሮ የሚያርፍበትን ቦታ ይመልከቱ። ከማጠንጠኛው በላይ የሚያልፍ ወፍራም የብረት ዘንግ ጣትን የሚያጣብብ ከሆነ በእርጥብ እጅ ይንሸራተታል። ለረጅም ውርወራ የተሠሩ ሪሎች ከላይ ያለውን ዘንግ አውጥተው ማጠንጠኛውን ክፍት የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚሁ ሪሎች ሌላም ነገር አውጥተዋል፤ ክሩን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ በእኩል የሚደረድረውን መሪ። ለሐይቅና ለጀልባ መሪው ትልቅ ረዳት ነው። በማዕበል ዳር ግን ሲወረወር ያፋትጋል፣ አሸዋ ይሰበስባል፣ ትልቁም ጣጣ ከዋናው ክር ፊት የሚታሰረው ወፍራም ክር ቋጠሮ በመሪው ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ መንቋቋቱ ነው። መሪው ከሌለ ክሩን የሚደረድረው የግራ እጅ አውራ ጣት ነው፤ ጥቂት ቀናት ያደናግራል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ይሠራል። ጨርሶ ለማይለምደው ሰው መሪ ያለው ሪል መግዛት ነውር የለውም፤ ርቀቱ ጥቂት ይቀንሳል፣ የሚታጠበው ነገርም ይበዛል።

ስለ ቋጠሮው ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ዋናው ክር ከ17 እስከ 20 ፓውንድ፣ ማለትም ከ8 እስከ 9 ኪሎ ገደማ የሚሸከም ከሆነ፣ 227 ግራም እርሳስ በሙሉ ኃይል ሲወነጨፍ ይበጠሳል። ስለዚህ ከፊቱ ወፍራም የድንጋጤ ክር ይታሰራል። የቆየው ደንብ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ 10 ፓውንድ የሚሸከም ክር ይላል፤ ለ8 አውንስ 80 ፓውንድ፣ ወደ 36 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ክር ከእርሳሱ ተነሥቶ የዘንጉን ቁመት አልፎ ማጠንጠኛው ላይ ቢያንስ አምስት ስድስት ዙር መጠምጠም አለበት። ቋጠሮው ከማጠንጠኛው ዳር ይቀመጥ፤ ከአውራ ጣት ሥር ከሆነ ሲወጣ ቆዳ ይዞ ይሄዳል። ማጠንጠኛው በጣም ጠባብ የሆነ ሪል ቋጠሮውን ከጣት ለማራቅ ቦታ አይሰጥም፤ በጣም ሰፊውን ደግሞ ያለ መሪ በእኩል መደርደር ያስቸግራል። የመካከለኛውን ስፋት የምመርጠው ለዚህ ነው።

መጠኑም በዚሁ ሐሳብ ይወሰናል። ጥሩ ውርወራ 120 ሜትር ክር ይወስዳል እንበል፤ ትልቅ ድረም ደግሞ ተጨማሪ 100 ሜትር ሊጎትት ይችላል። ከዚያ በኋላም ማጠንጠኛው ባዶ መሆን የለበትም። እንግዲህ ከ230 እስከ 280 ሜትር የ17 ወይም የ20 ፓውንድ ናይለን የሚይዝ ሪል በቂ ነው። ለጥንቃቄ እያሉ የጀልባ ሪል የሚያህል የሚገዙ አሉ፤ ብዙ ክር ማለት ከባድ ማጠንጠኛ ማለት ነው፤ ከባድ ማጠንጠኛ ለመነሣትም ለመቆምም ያስቸግራል። ክሩንም እስከ አፍ ጢሙ አይሙሉት፤ ከከንፈሩ በታች ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይቅር።

ናይለን ወይስ የተጎነጎነ ክር የሚለው ክርክር በስፒኒንግ ዓለም ውስጥ ተፈትቷል፤ የተጎነጎነው አሸንፏል። እዚህ ግን ለጀማሪ ናይለን እላለሁ። ናይለን ይለጠጣል፣ ውሉ ሲጠፋም በትዕግሥት ይፈታል። የተጎነጎነው ቀጭን ስለሆነ ዓሣ ሲጎትት ከሥሩ ባለው ጥቅል ውስጥ ሰምጦ ይገባል፤ በሚቀጥለው ውርወራ እዚያ ላይ ይያዛል። በፍጥነት ሲወጣም አውራ ጣትን ይቆርጣል።

አሁን ዓሣው ያዘ እንበል። እዚህ ላይ የሚሠራው መካኒኮች ፍሪሲዮን የሚሉት ዓይነት ተንሸራታች መያዣ ነው፤ ዓሣው ከመጠን በላይ ሲጎትት ክሩ ከመበጠሱ በፊት ይለቅቃል። በእጀታው ሥር ባለ ኮከብ መሰል ጎማ የሚጠብቀው ዓይነት ለዳርቻ ከሌሎቹ ቀላልና በቂ ነው። ውስጡ ያሉት ንጣፎች ከካርቦን ፋይበር ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሙቀትን ይችላሉ፣ ሲጀምሩም በመንቀጥቀጥ ሳይሆን በለስላሳው ይንሸራተታሉ። አምራቾች 10 ኪሎ ወይም 13 ኪሎ ይይዛል እያሉ ይፎክራሉ። 9 ኪሎ በሚሸከም ክር ላይ የሚያስፈልግዎ ከክሩ አቅም ከሩብ እስከ ሲሶ፣ ማለትም ከ2.3 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ትልቁ ቁጥር እምብዛም አይጠቅምዎትም፤ ለስላሳነቱ ግን ዓሣውን ያስገኝልዎታል።

ይህ ለዓሣውም ይጠቅማል። ትልልቆቹ ድረሞች ዘር የሚያፈሩት ናቸው፤ እስከ 60 ዓመት ገደማ ይኖራሉ። በሰሜን ካሮላይና ማስቀረት የሚፈቀደው በቀን አንድ፣ ቁመቱ ከ18 እስከ 27 ኢንች፣ ማለትም ከ46 እስከ 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ብቻ ነው፤ ከዚያ የበለጠው በሙሉ ይለቀቃል። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት ያጣሩ፤ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰውም ፈቃድ ማውጣት አለበት። አቅመ ደካማ ሪል ይዞ አንድን አንጋፋ ዓሣ ለረጅም ጊዜ ማድከም ከተለቀቀ በኋላ እንዳይተርፍ ማድረግ ነው። በቂ ክርና የሚታመን ፍሪሲዮን ያለው ሪል ትግሉን ያሳጥራል፤ እኔ ይህን ከርቀት አስበልጬ አየዋለሁ።

የጥርሱ ምጥጥን፣ ማለትም እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ማጠንጠኛው ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ብዙ አያከራክርም። በ6 ለ1 ሙሉ ማጠንጠኛ አንድ የእጀታ ዙር 94 ሴንቲ ሜትር ክር ያስገባል፤ እርሳሱ በአሸዋ ጉብታ ላይ እንዳይያዝ በፍጥነት ለማንሣት ይህ ይረዳል። ማጠንጠኛው ሳስቶ 3.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ያው ዙር 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያስገባል። ከ5 ለ1 እስከ 6 ለ1 ያለው ለዚህ ሥራ ይስማማል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ለእጅ ይከብዳል። ዘንጉ በማቆሚያ ተተክሎ ሲጠበቅ ማጠንጠኛው ተለቅቆ ክር ሲወጣ የሚንቀጨቀጭ ማንቂያ መኖሩን ግን አይዘንጉ። ሌሊት ዓሣ መምጣቱን የሚነግርዎ እሱ ነው።

ጨውና አሸዋ ሁሉንም ይፈትናሉ። ሱቅ ውስጥ ሪሉን በእጅዎ ይያዙ። ጎንና ጎኑን በሁለት እጅ ጨብጠው ለማጣመም ይሞክሩ፤ የሚጎብጥ ከሆነ ዓሣ ሲጎትት ጥርሶቹ በሥርዓት አይገጥሙም። ማጠንጠኛውን ለቀው በጣት ያሽከርክሩት፤ ድምፁ እኩል ይሁን፣ ማግኔቱን ሲያቀርቡም በግልጽ ቶሎ ይቁም። ያለ መፍቻ፣ በእጅ በሚዞሩ ብሎኖች የሚከፈት መሆኑን ይጠይቁ፤ ይህን ዕድል የሚሰጡ ሪሎች በየጊዜው ይጸዳሉ፣ ስለዚህም ይኖራሉ። ከባሕር ሲመለሱ ፍሪሲዮኑን አጥብቀው ቀስ ባለ ንጹሕ ውሃ ያጥቡት። በግፊት የሚረጭ ውሃ ጨዉን ወደ ኩሽኔታው ያስገባዋል።

ስም መጥቀስ ካለብኝ፣ ፔን 525 ማግ በውጭ የሚንሸራተት የማግኔት ቁልፍ ያለው፣ መጠኑም ለዚህ ሥራ የተስማማ ሪል ነው። የአቡ 6500 ሲቲ ቤተሰብ መሪ የሌላቸውና ከላይ ክፍት የሆኑ ናቸው፤ የማግኔት ፍሬን ያላቸውን ይፈልጉ። ለመማር ዝቅ ባለ ዋጋ የሚሸጥ ያገለገለ ስኩዊደርም አይናቅም፤ ፍሬን ስለሌለው አውራ ጣትን በግድ ያስተምራል፤ ብዙ ሰዎችም ጎኑ ላይ ማግኔት ለጥፈውበታል። ያገለገለ ሲገዙ ማጠንጠኛው አለመወዛወዙንና የጎኖቹ ጠርዝ አለመሰንጠቁን ይመርምሩ።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖረው አንባቢ ሃተራስ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሦስት ሰዓት ያህል የምትርቀው የአሳቲግ ደሴት፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የተከፈለችው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ትበቃለች። ባሕር ከመድረስዎ በፊት ግን ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ ይለማመዱ። በ150 ግራም እርሳስ ይጀምሩ፤ የድንጋጤ ክሩን እዚህም አይተዉት። የማግኔቱን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ጥግ ገፍተው፣ ሳይመነጭቁ፣ በግማሽ ኃይል ይወርውሩ። ክሩ በማጠንጠኛው ላይ ፈጽሞ ሳይነሣ ከሄደ ቁልፉን አንድ ደረጃ ይመልሱ። በመንገዱ አጋማሽ ክሩ ላላ ብሎ መነፋፋት የጀመረበትን ቦታ ሲያገኙ አንድ ደረጃ ወደ ፍሬኑ ይመለሱና እዚያ ይተዉት። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ሌላ አንድ ደረጃ ይጨምሩ። የድንጋጤ ክሩን በየጥቂት ውርወራው በጣትና በጥፍር መካከል እያሳለፉ ይዳስሱት፤ የተላጨ ወይም የሻከረ ቦታ ካለው ቆርጠው አዲስ ይሰሩ።